የእግር ማጠቢያው ድንጋይ

ሞጣ ውስጥ የዘይዳ ስም ሲነሣ አብሮ የሚነሣው ክር ነው። ሸማኔ ሁሉ ያውቃታል። ድርም ይሁን ማግ፣ ለጥለት የሚሆን የቀለም ክርም ይሁን፣ ሌላ ቤት የጠፋው ከእሷ ዘንድ አይታጣም። ከገበያው ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ፣ ከክሩ መሀል ተቀምጣ ስትውል ያያት እዚያው የበቀለች ይመስለዋል። የተወለደችው ግን ከሱቋ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ባለው ባለ ሰገነት ቤት ነው። ይህን ዛሬ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ከሚያውቁትም ውስጥ የሚናገር የለም። የሰው ቤት ነገር ሲሆን ሁሉም አፉ ይከብደዋል።

ቤቱን ያሠራው አባቷ ሙሐመድ ነበር። በቅሎ እያስነዳ ዓባይን ወዲያና ወዲህ ሲሻገር፣ ቆዳ ሰጥቶ ጨርቅ ሲያመጣ ያረጀ ነጋዴ ነው። እንደ ነጋዴ ሁሉ እጁ ጠበቅ ያለ ቢሆንም ለቤቱ አልሰሰተም። ምሰሶው ጽድ፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ከላይ ደግሞ ሰገነት። ከጓሮው በር አጠገብ ከወንዝ በሰው ሸክም የመጣ ሰፊ ጥቁር ድንጋይ አስቀመጠ። ድንጋዩ ለመቀመጫ የሚሆን ከፍታ አለው፤ ከፊቱ በመሮ የተቦረቦረ ቦይ ስላለው ውሃው በዚያ እየወረደ ከአጥሩ ሥር ይጠፋል። ጎሕ ሲቀድ ሙሐመድ እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ ውዱእ ያደርጋል። እጁን፣ አፉን፣ ፊቱን፣ ክንዱን ይታጠባል፤ ራሱን ያብሳል፤ በመጨረሻ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ታጥቦ ለሱብሂ ሶላት ይነሣል። ውሃ የምታፈስለት ዘይዳ ነበረች። እስከ ዛሬ አባቷን ስታስብ ዓይኗ ላይ የሚመጣባት ይኸው ነው፤ በቀዝቃዛ ጠዋት ውሃ የሚወርድበት የአባቷ እግር።

በስልሳ ሰባት ክረምት ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ ተባለ። ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍል እንደ መኖሪያ ተቆጥራ ከሁለት ቤት አንዱን ይልቀቅ ሲባል፣ የሙሐመድ የሚለቀቀው ባለ ሰገነቱ እንደሆነ ሌሎች ወሰኑለት። ቤተሰቡ እቃውን ተሸክሞ መንገዱን ተሻገረና ከሱቁ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ታጨቀ። ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ ስደት ይሉታል። መንገድ ተሻግሮ መሰደድ ግን ይብሳል፤ የተለዩት ነገር ከዓይን አይርቅማ! ሙሐመድ ከዚያን ቀን ጀምሮ እስኪሞት ከሱቁ በር ላይ ሆኖ የገዛ ሰገነቱን እያየ ኖረ። አንድም ቀን ግን ተሻግሮ አልሄደም።

ዓመት ሳይሞላ ሌሎች ገቡበት። ደምለው የሚባል የቢቸና ሰው አውራጃውን እንዲያስተዳድር ተሹሞ መጣ። ሚስቱ ሰብለ ወንጌል የደብረ ወርቅ ቄስ ልጅ ናት፤ የሴቶችን ማኅበር የምትመራው እሷ ነበረች። ሁለቱም ጓድ ይባላሉ፣ ሁለቱም ካኪ ይለብሳሉ፣ ሁለቱም አብዮቱን ከልባቸው ያመኑ ናቸው። እዚህ ላይ እውነቱን እናውራ፤ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑማ ለዘይዳ እንዴት በቀለላት! ጠልታቸው ትገላገል ነበር። ሰብለ ወንጌል በረንዳው ላይ ሰሌዳ ሰቅላ የሰፈሩን ሴቶች ልጆች ሰብስባ ፊደል ማስቆጠር ስትጀምር፣ ዘይዳም መንገዱን ተሻግራ በአባቷ በረንዳ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጣ ተማረች። የሰፈሩ ሰው፣ "የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ዘረፈ ማለት ይቺ ናት" እያለ ተሳለቀባት። ሙሐመድ ግን፣ "ፊደሉ ምን በደለ? ተማሪ" አላት።

አንድ ቀን ሰብለ ወንጌል በዚያ ጥቁር ድንጋይ ላይ ልብስ ስታጥብ ዘይዳ ቆማ አየቻትና ፊቷ ተለዋወጠ። "ምነው?" አለቻት ሰብለ ወንጌል። "የአባባ የውዱእ ድንጋይ ነው" አለች ዘይዳ። ሰብለ ወንጌል የራሰውን ልብስ ሰብስባ ተነሣች፤ ከዚያ ወዲያ ልብሷን እዚያ ላይ ስታጥብ ያያት የለም። ዘይዳ ይህን ነገር ለማንም አልነገረችም። ሴትየዋን ወደደቻት፤ በመውደዷም አፈረች። የቤታችሁን ቁልፍ በወገቧ ያሰረችን ሴት መውደድ ቀላል አይደለም።

በሰባ ዓመተ ምሕረት ባልና ሚስቱን የገዛ ጓዶቻቸው መጥተው ወሰዷቸው። በምን ጥፋት እንደሆነ የጠየቀም የመለሰም የለም። ሬሳቸውም አልተገኘ። ቤቱ የእህል መጋዘን ሆነ፣ ቢሮ ሆነ፣ የኅብረት ሱቅ ሆነ፣ በመጨረሻ ተዘግቶ የሌሊት ወፍ ማደሪያ ሆነ። ሙሐመድ ሞተ። ዘይዳ አብዱልሐኪም የሚባል ልብስ ሰፊ አገባች፣ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች፣ ክር ሸጠች። የመጨረሻ ልጇ ሐናን ነርስ ሆና እዚያው ሞጣ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እንግዲህ የዘይዳ ሕይወት ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ የሚወራ ነገር አይኖርም ነበር፣ ኮሚቴው ባይቋቋም።

ኮሚቴው የተቋቋመው የእነ ደምለውን ቤት አድሶ የማኅበረሰብ ታሪክ ሙዚየም ለማድረግ ነው። ሊቀ መንበሩ አቶ ፋንታ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ሞጣ የገቡት ከእነ ደምለው በኋላ ቢሆንም ስለ ባልና ሚስቱ ሲናገሩ አብረው ያደጉ ይመስላሉ። ሥራውን የምትሠራው ደግሞ ንጋት የምትባል ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ወጣት የባህል ባለሙያ ናት። ቅን ልጅ ናት። ስልኳን ይዛ በየቤቱ እየዞረች የሽማግሌ ቃል ትቀርጻለች፣ የደምለውን ካፖርት አስፈልጋ አግኝታለች፣ የሰብለ ወንጌልንም የቆዳ ቦርሳ ከአንድ ዘመድ ቤት አስመጥታለች። ቀለም ተቀባ፣ ቆርቆሮ ተለወጠ፣ የሌሊት ወፉ ተባረረ። ዘይዳ ይህን ሁሉ ከሱቋ ሆና አየች። ደስም አላት። ቤቱ ከሚፈርስ ሰው ቢገባበት ይሻላል አለች ለልጇ።

እድሳቱ ሊያልቅ ሲል ለሰፈሩ ሰው በሩ ተከፈተና ዘይዳም ለማየት ገባች። ጓሮ ስትደርስ ድንጋዩ ታጥቦ፣ ዙሪያው በገመድ ታጥሮ አገኘችው። ከፊቱ በካርቶን ላይ ለጊዜው የተጻፈ ነገር ቆሟል፦ "እግር ማጠቢያ። ጓድ ደምለውና ጓድ ሰብለ ወንጌል ከየገጠሩ የሚመጣውን ገበሬ እግር በእጃቸው ያጥቡበት የነበረ።"

ደሟ ፈላ። ወዲያው አቶ ፋንታንና ንጋትን ፈልጋ ሁለቱንም ድንጋዩ ዘንድ አመጣቻቸው።

"ጋሽ ፋንታ፣ ይህ ድንጋይ የአባቴ የውዱእ ድንጋይ ነው። ቤቱንም ያሠራው አባቴ ነው። አንቱም ሳይሰሙ አልቀሩም።"

"ሰምቻለሁ ዘይዳ፣ ሰምቻለሁ" አሉ አቶ ፋንታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ግን እኛ የምንሠራ ታሪክ ነው፤ የይዞታ ጉዳይ አይደለም። ዛሬ 'ይህን ቤት እገሌ ሠራው' ብለን ብንጽፍ ነገ ትርፍ ቤት የተወሰደበት ሁሉ 'የኔስ?' ብሎ ይሰለፋል። ሙዚየሙ ሳይከፈት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ስንንከራተት ልንኖር ነው?"

"እኔ ቤቱን መልሱልኝ አላልሁም። ስሙን ጻፉልኝ ነው ያልሁ። ድንጋዩንም በስሙ ጥሩልኝ።"

አቶ ፋንታ ወደ ንጋት ዞሩ። ንጋት እንደ መጨነቅ ብላ፣ "እማማ ዘይዳ፣ እኔ አምንዎታለሁ" አለች። "ነገር ግን ስለ ድንጋዩ የተጻፈው ከሰው ከተገኘ ቃል ነው። እግራቸው የታጠበው ሰውዬ ራሳቸው ነግረውኛል፤ ቢቸና ድረስ ሄጄ ነው የቀረጽኋቸው። ባዘዘው ይባላሉ።"

ዘይዳ ሳታስበው ሳቀች። ባዘዘው! የአባቷ በቅሎ ነጂ! ድንጋዩን ከወንዝ ከተሸከሙት አንዱ እሱ አይደለም እንዴ?

"እሳቸው ቃላቸውን ካስተካከሉ እኔም አስተካክላለሁ" አለች ንጋት። "እውነቴን ነው።"

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እነዚህ ግን የናቋት አይመስሉም፤ እንዲያውም ሻይ ጋብዘው ሸኟት። እሷም ተስፋ አደረገች። ባዘዘው በሕይወት አለ፤ ባዘዘው ያውቃል፤ ባዘዘው ከተናገረ ነገሩ አለቀ። ሐናን፣ "በስልክ ይጠየቁ" ስትላት፣ "እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይጠየቅም" ብላ ስኳርና ሻይ ቅጠል ቋጥራ በማግስቱ ተሳፈረች። ከሞጣ ጉንደ ወይን፣ ከጉንደ ወይን ደብረ ወርቅ፣ ከደብረ ወርቅ ቢቸና። መንገዱ አንጀት ቢያላውስም እሷ አልተሰማትም። በልቧ የምትነግረውን ስታሰናዳ ነበር የደረሰችው።

ባዘዘው ቢቸና ከልጁ ቤት ነው የሚኖረው። አርጅቷል፤ ዓይኑ ደክሟል። ማን እንደሆነች ስትነግረው ግን ከመደቡ ሊነሣ ቃጣው።

"የሙሐመድ ልጅ! አንች ነሽ? አይ ዘመን!"

"አይነሡ፣ አይነሡ አያ ባዘዘው" ብላ ትከሻውን ሳመችው። ሻይ ተፈላ፣ የሞቱት አንድ በአንድ ተነሡ፣ ለሁሉም ነፍስ ይማር ተባለ። ከዚያ ወደ ነገሯ ገባች።

"ያ ከጓሮ ያለው ድንጋይ ትዝ ይልዎታል?"

"እንዴት አይለኝ? ከወንዝ በወሳንሳ ስንሸከመው የጎበጠ ወገቤ እስከ ዛሬ አልቀናም። አባትሽ ከኋላ ከኋላ እየመጣ 'እንዳትጥሉት፣ እንዳትጥሉት' ይለን ነበር፤ እኛ ብንሰበር ግድ ያለው አልመሰለኝም" ብሎ ሳቀ።

"ታዲያ ለዚያች ልጅ እግር ማጠቢያ ነው ያሏት ለምንድን ነው?"

"ታጥቤበታለኋ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። የሙሐመድ ንግድ ሲዘጋ ባዘዘው ወደ እርሻው ተመለሰ። አንድ ክረምት በመሬት ነገር ተከስሶ አቤት ሊል ሞጣ መጣና እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ከአስተዳዳሪው ደጅ ቆመ። ሰብለ ወንጌል ወጣች። እጁን ይዛ አስገባችው፣ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው፣ ውሃ አምጥታ ጭቃውን በእጇ አጥባ፣ እንደ አገር ልማድ ጉልበቱን ሳመችው።

"የሹም ሚስት እኮ ናት፣ ዘይዳ! ተንበርክካ!" አለ ባዘዘው። "እኔ እግሬን እንኳን ሰው፣ የወለድኋት ልጅ አጥባኝ አታውቅም።"

"አንድ ቀን ነው እንግዲህ" አለች ዘይዳ።

"አንድ ቀን ነው። አንድ ቀንስ ሌላ ማን አጠበኝ?"

ባዘዘው በዚህ አላበቃም።

"አባትሽ መልካም ጌታ ነበር፤ አልዋሽም። የበላውን አብልቶኛል። ግን ስንት ዓመት በቅሎውን ስነዳ ኖርሁ? ከዓባይ በረሃ ወጥቼ ስገባ ተረከዜ ተሰነጣጥቆ እየደማ ጭነቱን የማራግፈው እዚያው ድንጋይ አጠገብ ነበር። አንድ ቀን 'ና ባዘዘው፣ ተቀመጥና ታጠብ' ብሎኝ አያውቅም። ድንጋዩ የእሱ ነበር፤ ለእሱ ብቻ።"

"ለሶላት ስለነበረ ነው እኮ አያ ባዘዘው።"

"አውቃለሁ። እኔስ መቼ ለሶላት አልሁ? ለጭቃዬ ነው ያልሁ።"

እውነቱን ነው። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጠችም፤ "ሁለቱንም ይበሉላቸው" አለችው። "ድንጋዩ የሙሐመድ ነበር፣ ሰብለ ወንጌልም እኔን አጥባበታለች ይበሉ። ማንም ምንም አይቀርበትም።"

ባዘዘው በደከመው ዓይኑ ፊቷን ፈልጎ አተኮረ። "ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ሁለት ነገር ብትነግሪያቸው የሚወስዱት አንዱን ነው። የሚወስዱት የኔን ላይሆን ይችላል። ዕድሜ ልኬን ሰው ሆኜ የታየሁባት ያች አንድ ቀን ናት። ተይልኝ።"

ስኳሩንና ሻይ ቅጠሉን አስቀምጣ፣ ምርቃቱን ተቀብላ ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ ተሳፍራ ስትመለስ አለቀሰች። በባዘዘው ልትናደድ ሞከረችና አቃታት። የተናደደችው በአባቷ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። ምን ነበረበት? ምን ነበረበት ያንን ድሀ አንድ ቀን ና ታጠብ ቢለው? ዛሬ ይህን ጊዜ ምስክር ይሆነው አልነበረም? ደብረ ወርቅ ሲደርሱ ደግሞ የሞተ አባቷን መውቀሷ አሳፈራትና አላህ ይርሀመው እያለች እስከ ሞጣ ተጓዘች። ቢቸና ስለሆነው ነገር ለሐናን እንኳ በቅጡ አልነገረቻትም። "አርጅቷል፤ አያስታውስም" ብላ አለፈች። ለባዘዘው ብላ ዋሸች።

የሙዚየሙ መመረቂያ ሲቃረብ ንጋት ሱቋ ድረስ መጣች።

"እማማ ዘይዳ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። በምረቃው ቀን የእግር ማጠቡን ሥርዓት በሰው ፊት ልናሳይ አስበናል። ድንጋዩ ላይ የሚቀመጡት እርስዎ ቢሆኑልን? የሰፈሩ ታላቅ ነዎት፤ ደግሞ ሙስሊም እናት ሲሆኑ ለሁሉም ደስ ይላል። የማጥብዎት እኔ ራሴ ነኝ፤ ወንድ አይነካዎትም። ከታጠቡ በኋላ ማይክ እንሰጥዎታለን፤ የፈለጉትን ቃል ይናገራሉ።"

ሐናን ከክሩ ጀርባ ብድግ አለች። "እማ፣ ለፎቶ ነው የሚፈልጉሽ። አትሂጂ።"

ዘይዳ ግን "የፈለጉትን ቃል" የሚለው ነበር የተሰማት። ኮሚቴ ባይጽፈው ሕዝብ ይስማው። ሕዝብ የሰማውን ማን ይፍቃል? "እሺ" አለች።

በዕለቱ ዳስ ተጣለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ከከተማው ሹማምንት ጀምሮ እስከ ተማሪው ጓሮውን ሞላው። አቶ ፋንታ ስለ ደምለውና ስለ ሰብለ ወንጌል ብዙ ተናገሩ፤ ንግግራቸው ሲረዝም የኋለኛው ወንበር ማንቀላፋት ጀምሮ ነበር። ከዚያ ዘይዳ ተጠራች። የክት ልብሷን ለብሳ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ከልጅነቷ ወዲህ ስትነካው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አባቷ ሲቀመጥበት እሷ ቆማ ውሃ ታፈስ ነበር እንጂ ተቀምጣበትም አታውቅ።

ንጋት ተንበረከከችና ግራ እግሯን ያዘች።

"ከቀኝ ጀምሪ፣ ልጄ" አለቻት ዘይዳ ቀስ ብላ።

ንጋት ፈገግ ብላ ቀኟን ያዘች። ውሃው በቁርጭምጭሚቷ ላይ ወርዶ፣ በቦዩ ተንቆርቁሮ ወደ አጥሩ ሥር ሄደ። እልልታው ቀለጠ። ዘይዳ ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። የአባቷ እግር ነው የመጣባት፤ ያ በብርድ የቀላው እግር፣ በጣቶቹ መሀል ውሃ እንዲገባ በትንሽ ጣቱ ሲፈለፍለው። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች ስታለቅስ ባዩአት ጊዜ አብረው አለቀሱ። ሰብለ ወንጌልን አስታውሳ ነው አሉ።

ማይኩ ተሰጣት። ስንት ቀን ያሰናዳችው ቃል ነበራት፤ ቤቱን ማን እንዳሠራው፣ እንዴት እንደተወሰደ፣ አባቷ ከሱቅ በር ሆኖ እንዴት እንደሞተ። ግን ከሁሉ ፊት የወጣው ከሁሉ የሚበልጥባት ሆነ።

"አባቴ ሙሐመድ" አለች፤ ድምፅ ማጉያው ስሙን በሰፈሩ ሁሉ አስተጋባው። "አባቴ ሙሐመድ በዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ይታጠብ ነበር።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጭብጨባው ሲነሣ ቀጥላ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ማይኩ ግን ከእጇ ወጥቶ አቶ ፋንታ እጅ ገብቷል።

"ሰማችሁ ወገኖቼ! ሰማችሁ!" አሉ አቶ ፋንታ። ከልባቸው ነበር፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። "ገበሬ ብቻ አይደለም! የሙስሊም ነጋዴ ወንድሞቻችን ሳይቀሩ በነዚያ ደጋጎች እጅ እዚህ ታጥበዋል! ልጃቸው በአንደበቷ መሰከረች!"

"አይደለም!" አለች ዘይዳ። "ቤቱ የአባቴ ነው! ለውዱእ ነው!" ከጎኗ የነበረችው ንጋት እንኳ በእልልታው መሀል የሰማቻት አይመስልም። ከበሮ ተመታ፣ ተማሪዎቹ መዝፈን ጀመሩ። አንዱ ሹም መጥቶ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል እግሯን ሰበሰበች፤ ሰው ሁሉ አፍራ ነው ብሎ ወደዳት። ሐናን ፎጣ አምጥታ እግሯን አደረቀችላት።

ቀናት አለፉ። ንጋት አንድ ጠዋት በደስታ እየተፍለቀለቀች ሱቅ መጣች። "ይምጡ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት። የአባትዎን ስም አስገባሁልዎት!" ዘይዳና ሐናን ተከትለዋት ገቡ። ከድንጋዩ በላይ ባለው ግድግዳ፣ ካርቶኑ ተነሥቶ በመስታወት የተሸፈነ ጽሑፍ ተሰቅሏል። ዘይዳ ጠጋ ብላ አነበበችው።

"እግር ማጠቢያ። ጓድ ደምለውና ጓድ ሰብለ ወንጌል የእንግዶቻቸውን እግር ያጥቡበት የነበረ። ከታጠቡት መካከል፦ ገበሬው ባዘዘው፤ ሙስሊሙ ነጋዴ ሙሐመድ። ምስክር፦ ልጃቸው ወይዘሮ ዘይዳ።"

ሐናን እናቷን አልጠበቀችም። "አያቴን በገዛ ቤቱ እንግዳ አደረጋችሁት? በእናቴ ምስክርነት?"

የንጋት ፊት ጠቆረ። ያኔ ገባት፤ ወይም ያኔ ነው እንደገባት መደበቅ ያቃታት። "ኮሚቴው ያጸደቀው ይህን ነው" አለች እጇን እያፍተለተለች። "ሌላ መጨመር አልችልም። ለሁለተኛ ጊዜ ስለ ቤቱ ባነሣ ሥራዬንም… ማውጣት ግን እችላለሁ። እማማ ከፈለጉ ስማቸውን ዛሬውኑ አወጣዋለሁ፤ ይህን ማንም አይከለክለኝም።"

"ይውጣ!" አለች ሐናን። "እማ፣ በያት፣ ይውጣ!"

ዘይዳ ስሙን ትመለከታለች። ጥሩ አድርገው ጽፈውታል፤ ፊደሉ ደማቅ ነው። የሙሐመድ መቃብር ላይ ስም የለም፤ አፈሩ ተደላድሎ የት ጋ እንደሆነ የሚያሳየው ከእሷ በቀር የለም። በሱቁ በር ላይ ስሙ የለም። በዚህ ቤት ምሰሶ ላይ፣ በዚህ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከዚህ መስታወት በቀር የትም የለም። እሷ ስትሞት ሐናን ታስታውሰው ይሆናል፤ የሐናን ልጆች ግን ከምን ያስታውሱታል? ስሙ ከወጣ ድንጋዩ መቼም እግር ማጠቢያነቱን አይተውም። ባዘዘው ብቻውን ይቀራል።

"ይቆይ" አለች።

"እማ!"

"ይቆይ አልሁሽ። እንግዳም ሆኖ ይቆይ።"

ንጋት እፎይ ብላ አመሰገነቻት፤ ሐናን ፊቷን አዞረች። ከደጅ ሲወጡ ጎረቤቶች ቆመው ይጠብቁ ነበር። "እንኳን ደስ አለሽ ዘይዳ! አባትሽ ታሪክ ውስጥ ገቡ!" አሏት እየሳሟት።

"እንኳን አብሮ ደስ አለን" አለች፤ ለዚህ ሌላ የሚመለስ መልስ የለምና።